እታገኘሁና ባለ ሁለት ዓይኗ ጭራቅ

እታገኘሁ ጠዋት ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት፣ ባሏ ሀብቴ ከኪሱ አውጥቶ በሩ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ የበተናቸውን ሳንቲሞች በአመልካች ጣቷ ትገለብጣለች። ንጉሡ ያለበት ገጽ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ። አትቆጥራቸውም፣ ወደ ቦርሳዋም አትከታቸውም። ደፍታቸው ስታበቃ ጣቷን በካፖርቷ ጠርጋ ትወጣለች።

«ዛሬም ንጉሡን ደፋሽው?» ይላል ሀብቴ ከመታጠቢያ ቤት፣ ፊቱ የመላጫ አረፋ እንደ ለበሰ።

«ዞሮ ካላየኝ ምን ላድርገው!»

በኖርዌይ ሳንቲም ላይ ያለው ንጉሥ የሚታየው በጎኑ ነው፤ በአንድ ዓይን፣ በአንድ ጆሮ። እታገኘሁ ደግሞ የሠዓሊ ልጅ ናት። አባቷ አለቃ ዋጋዬ በደብረ ታቦር ዙሪያ የአብያተ ክርስቲያናትን ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ በእሳቸው ቤት ከጾም እኩል የሚከበር አንድ ሕግ ነበር። ጻድቅ ሲሣል ፊቱ ሙሉ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ የመጣውን ሰው ያያሉ። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ጌታን የገረፈ ወታደር ግን በጎናቸው ይሣላሉ፤ አንድ ዓይን ይበቃቸዋል። እታገኘሁ ሴት ናትና ብሩሽ አላስያዟትም፤ ቀለም ግን ፈጭታለች፤ ሕጉም ከቀለሙ ጋር ጥፍሯ ሥር ገብቶ ቀርቷል።

ስለዚህ ከሰፈሯ ከላምበርትሴተር ወደ መሐል ከተማው፣ ወደ ሴንትሩም በሚወስደው ባቡር ስትሳፈር ንቀቷ አብሯት ይሳፈራል። ኖርዌጂያኖች ባቡር ውስጥ ሰው አያዩም፤ ቀጥ ብሎ የሚያያቸው ሲያጋጥማቸው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። ውጭው ጨለማ ቢሆንም ጨለማውን ያያሉ። እሷም መሐል ላይ ብረቱን ጨብጣ ቆማ፣ ከዳር እስከ ዳር ትገላምጣቸዋለች።

«አንድ ፉርጎ ሙሉ ይሁዳ» ትላለች ለራሷ።

ንቀት ቁርሷ ነበር። ቀዝቃዛ ዳቦ በቀዝቃዛ ዓሣ የሚበላውን ሕዝብ ትንቃለች። እሑድ እሑድ፣ በተከራዩት ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ገና ሳያልቅ ስብሰባ ካልጠራን የሚሉትን የሰበካ ጉባኤ ሰዎች ትንቃለች። ሊንደበርግ የሚኖሩት የአጎቷ ልጆች ጴንጤ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ለምሳ ጠርተዋት ሲጸልዩ አይታ፣ «እነሱ ደግሞ ሁለቱንም ጨፈኑት፤ ጭራሽ ያለ ዓይን ቀሩ!» ብላ ስትስቅ ባጀች። የማትንቀው ሰው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጉልበቶቿን ግን መናቅ አልቻለችም። ደረጃ ስትወርድ እንደ ደረቀ በር ሲጥ ይላሉ፤ ወለል ስትወለውል ቆይታ ቀና ስትል ዓይኗ ይጨልማል።

ሥራዋ ሴንትሩም ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ የዐውደ ርእይ አዳራሽ ጽዳት ነበር፤ ያውም ቪካር፣ ሰው ሲጎድል የምትጠራ ተተኪ። በአዳራሹ ጥግ የጥበቃ ወንበር አለ። የወንበሩ ባለቤት «አትንኩ» ለማለት ብቻ ደሞዝ የሚበላ ሽማግሌ ነበር። እታገኘሁ በእግሩ ሥር እየወለወለች ስንት ዓመት ናቀችው! «ዕቃ ነው ሰው?» ትል ነበር። ሽማግሌው ጡረታ በወጣ ማግስት ግን ወደ ኀላፊዋ ወደ ሲሴል ቢሮ ቀድማ የገባችው እሷ ናት።

ሲሴል ከበሽተኛ ጋር የምታወራ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትናገር ሴት ናት። «እሺ» አለቻት። «እስከ ገና ድረስ ተቀመጪበት። ምንም ችግር ካልተፈጠረ ከገና በኋላ ፋስት ይሆናል።»

ፋስት! ቋሚ ሥራ፣ ቋሚ ወንበር፣ ጉልበት የማይንበረከክበት እንጀራ። ሀብቴ ሲሰማ ሳቀ።

«ያንን ስትንቂው የኖርሽውን ወንበር?»

«ወንበሩን መቼ ናቅሁ? የናቅሁት የተቀመጠበትን ነው።»

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዘጠና ስድስት መስከረም ወደ አዳራሹ የመጣው ዐውደ ርእይ የቲቤት ምድር የቆዩ ካርታዎች ነበሩ። እታገኘሁ በመጀመሪያው ቀን እጇን ወደ ኋላ አጣምራ እንደ ጳጳስ ዞረቻቸው። ከበሩ አጠገብ የተሰቀሉት አውሮፓውያን አገሩን ሳይረግጡ የሣሏቸው ናቸው። ተራሮቹ እንደ አባጨጓሬ ተሰልፈዋል። ማንም ያላየው ሐይቅ በሰማያዊ ተቀብቷል፤ አንዱ የሠራውን ስሕተት ሌላው በሌላ ከተማ፣ በሌላ ዘመን፣ ከፊተኛው አሳምሮ ገልብጦታል። «በወሬ የተሣለ አገር» አለችና አለፈች።

ቀጥሎ የቲቤት ሰዎች ራሳቸው የሣሉት የተሳላሚ መንገድ ነበር፤ ረጅም ጥቅልል፣ መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ፣ ገዳሞቹ ከተራሮቹ በልጠው። ያንን የተመለከተ ጎብኚ ሁሉ ራሱን አዘንብሎ ሲዞር ይውላል። አንድ ቀን ማጉያ መነጽር የያዘ ሰውዬ ወደ ወንበሯ መጥቶ፣ «ሰሜኑ የት ነው?» አላት።

«ጠፍቶብህ ነው?» አለችው።

ከጥቅልሉ ቀጥሎ ያለው የሰላዮች ካርታ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ከህንድ የላካቸው ሰዎች ተሳላሚ መስለው ገብተው፣ እርምጃቸውን በመቁጠሪያ እየቆጠሩ፣ ማስታወሻቸውን የአገሩ ሰው ሲጸልይ በእጁ የሚያዞረው የጸሎት መሽከርከሪያ ውስጥ እየደበቁ አገሩን ለክተው ወጥተዋል። ይህን የነገረቻት መቅደስ ናት፤ በሳምንቱ መጨረሻ እዚያ ኮት የምትቀበል የዩኒቨርሲቲ ተማሪና የአጥቢያዋ ልጅ።

«በመቁጠሪያ?» አለች እታገኘሁ።

«ያ፣ በመቁጠሪያ» አለች መቅደስ፣ አዎን በኖርዌጅኛ።

«ጸሎት በሚደገምበት? ቱ!»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ካርታ ፊት ፊቷን አዙራ ታልፋለች። ያን ጊዜ እሷም በጎኗ እንደምትታይ አላሰበችበትም።

የመጨረሻው ግን ካርታ አይመስልም ነበር። የአልጋ ልብስ በሚያህል ጨርቅ ላይ አንዲት ሴት በጀርባዋ ተዘርግታ ተኝታለች። ገላዋ አገሩ ነው፤ ደረቷ ተራራ፣ ወገቧ ሸለቆ፣ በጣቶቿ መሐል ወንዝ ይወርዳል። በትከሻዎቿ፣ በክርኖቿ፣ በዳሌዋ፣ በጉልበቶቿ ላይ ባለ ወርቅ ጣራ ቤተ መቅደሶች እንደ ችንካር ቆመዋል። ልቧ ላይ የነበረውን ሐይቅ በአፈር ደፍነው ትልቁን ቤተ መቅደስ ተክለውበታል። ዙሪያዋን ደቃቅ ሰዎች በፍየል አፈር ያጓጉዛሉ፤ ሁሉም በጎናቸው ናቸው። እሷ ግን ፊቷ ሙሉ ነው። ሁለት ዓይኖቿን አፍጣ እታገኘሁን ታያታለች።

እታገኘሁ ቆመች። በዚህ አገር ማንም እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቷት አያውቅም።

ከጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ አላነበበችም። «አባቴ፣ ሥዕል ራሱ ካልተናገረ ግድግዳው በኖራ ይለሰን ይሉ ነበር» ትላለች። ፍርዱን እዚያው ሰጠች፤ ሴትዮዋ ሰማዕት ናት፣ ሰዎቹ ገራፊዎቿ። ከዚያም ጎብኚ በመጣ ቁጥር ከወንበሯ እየተነሣች በተሰባበረ ኖርዌጅኛዋ ትሰብክ ጀመር።

«ይቺ ደግ። ሁለት ዓይን። እነዚህ ክፉ። አንድ ዓይን። ሕንፃ ሠሩባት። እዩ፣ ጉልበቷ ላይ እንኳ! ይኼ ከፍየሉ ጋር ያለው ደግሞ የሁሉም ክፉ። ሰው እያሠቃየ ይሥቃል።»

በእርግጥም ፍየል ነጂው ፈገግ ብሏል። የትምህርት ቤት ልጆች ይህን ታሪክ ወደዱት፤ ጣታቸውን ቀስረው «ክፉው! ክፉው!» እያሉ ይጯጯሃሉ። ሲሴልም ጫጫታውን ከቢሮዋ ስትሰማ፣ አዳራሹ ነፍስ ዘራ ብላ ደስ ይላታል።

መቅደስ አንድ ቀን አላስችል አላት። «እትዬ፣ ናይ፣ እንደሱ አይደለም። አንቺ የምትዪው…»

«አንቺ? እኔን ነው አንቺ ያልሽው?»

«ይቅርታ፣ እርስዎ። ግን ጽሑፉ ጭራቅ ናት ይላል። አገሩ ጭራቅ ነበረች፤ አልገራ ብላ ስታናውጥ፣ እንዳትነሣ ነው ቤተ መቅደሶቹ የተሠሩባት። ሠሪዎቹ ደጎች ናቸው።»

«ማነው ያለው?»

«ወረቀቱ።»

«ወረቀት የማይለው ምን አለ! ሁለት ዓይን ተሰጥቶሽ በወረቀት ታያለሽ።»

«እትዬ፣ የናቁት ያደርጋል ራቁት።»

«ሂጂ ኮትሽን ስቀዪ!»

ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቀይ የሱፍ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ ይመጣ ነበር። ጫማው የቀለጠ በረዶ እያንጠባጠበ በቀጥታ ወደ ጨርቁ ይሄዳል፣ ቆሞ ያያል፣ ይመለሳል። እታገኘሁ መወልወያ ከያዘች ወራት ቢያልፉም ወለሉ አሁንም የእሷ ነበርና ስለ ጫማው ናቀችው። ሰላምታው ራስን መነቅነቅ ብቻ ነበርና ስለ ሰላምታውም ናቀችው። በኅዳር አንድ ቅዳሜ ግን፣ ምን እንደሚያይ ሳያውቅ የሚቆም መስሏት አዘነችለት። ተነሥታ እንደ ልማዷ ሰበከችለት።

«ይኼ የሁሉም ክፉ» ብላ ጣቷን ወደ ፍየል ነጂው ዘረጋች።

ሽማግሌው ቆቡን ከግንባሩ ወደ ኋላ ገፋ። «ወንድሜ» አለ።

«ምን?»

«ይኼ። ወንድሜ።»

የሁለቱም ኖርዌጅኛ ስብርባሪ ስለነበር መቅደስ ከኮቶቹ መሐል ተጠራች።

ሽማግሌው ጃምፓ ይባላል፤ ቲቤታዊ ነው፣ በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ዕቃ ያጥባል፣ ጨርቁን ለአዳራሹ ያዋሰውም እሱ ነው። የሣለው ታላቅ ወንድሙ ነበር፤ ህንድ አገር በስደት ሳሉ፣ በልጅነቱ ገዳም ውስጥ ያየውን ሥዕል እያስታወሰ። በእነሱ ዘንድ ሠዓሊ ስሙን አይጽፍም። ወንድሙ ግን ራሱን ከአፈር ተሸካሚዎቹ ጋር አስገብቷል፤ ትንሽ አድርጎ፣ ተመልካች ላይ እንዳያፈጥ ፊቱን ወደ ሥራው መልሶ። ከዚያ ሞተ። ፎቶግራፍ የለውም። ጃምፓ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ያችን ጥፍር የምታህል ፊት ለማየት ነው።

«ልጆች በጣታቸው ሲያሳዩት አይቻለሁ» አለ። «የወደዱት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

መቅደስ ይህን ስትተረጉም ድምጿ ቀጠነ። እታገኘሁ ከንፈሯን ጣል አደረገች። ይቅርታ የምትለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥታ፣ እዚያ ተቀምጦ የኖረውን ንቀት አገኘችና ተመለሰች።

«ታዲያ ደግ ከነበረ ለምን በሁለት ዓይን አልሣለም?» አለች በአማርኛ።

«ይህን አልተረጉምም» አለች መቅደስ።

ጃምፓ ወደ ሲሴል ቢሮ ገባ። ጨርቁ ከግድግዳ ይውረድልኝ አለ።

ሲሴል እታገኘሁን ጠርታ ውኃ ቀዳችላት። እታገኘሁ ውኃ የሚቀዳው ለሚሰናበት ሰው መሆኑን ታውቃለች፤ ብርጭቆውን አልነካችውም። ሲሴል ግን ሽማግሌውን አግባብታው ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ወገኖቹን ይዞ ይመጣል፤ እታገኘሁ በፊታቸው ታሪኩን ጽሑፉ እንደሚለው ትናገራለች። ከተናገረች ወንበሩ የእሷ ነው። ካልተናገረች ሲሴል ሌላ ሰው ትፈልጋለች።

«ከባድ አይደለም» አለች ሲሴል ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ግድግዳው ላይ ያለውን መድገም ብቻ ነው።»

«ለመድገም በቀቀን ቅጠሪ» አለች እታገኘሁ፤ በአማርኛ፣ በፈገግታ።

ሳምንቱን መቅደስ አስጠናቻት። አረፍተ ነገሮቹ ጥቂት ነበሩ። ቤተ መቅደሶቹን ያሠራውን ንጉሥ አለች፣ ፍየሎቹን አለች፣ የተደፈነውን ሐይቅ አለች። አንዷ ላይ ብቻ ምላሷ እንቢ አለ።

«ይህች ጭራቅ ናት፣ ይበሉ እትዬ።»

«ይህች… እሺ፣ ቀጥዪ።»

«እሷን ሳይሉ ወዴት ይቀጠላል?»

«ቆይ፣ ማንን በልታ ነው ጭራቅ የሆነችው? የበላችው ሰው ሥዕሉ ላይ የታለ?»

«የለም።»

«የተሠራባት ግን አለ።»

«እትዬ፣ የእነሱ ታሪክ ነው እኮ፤ የእርስዎ አይደለም። ይበሉና ይቀመጡ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሀብቴ ጉልበቷን በቅባት እያሸላት ሊስቅ ፈለገ፣ ግን ፊቷን አይቶ ተወው። ትንሽ ቆይቶ አልቻለም።

«ስንቱን ሰው በነጻ ጭራቅ ስትዪ ኖረሽ፣ ዛሬ በደሞዝ በዪ ሲሉሽ አፍሽ ተያዘ?»

«እነሱ አያዩኝማ! ይቺ ታየኛለች።»

«ጨርቅ ናት፣ አንቺ።»

«ጨርቅስ ብትሆን። ከአንተ ሳንቲም ትሻላለች።»

እሑድ ጃምፓ ወገኖቹን ይዞ መጣ፤ አሮጊቶቹ በረጅም ቀሚስ ላይ ባለ ኅብር ሽርጥ አገልድመው፣ ጎልማሶቹ ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው ዘግተው። በጨርቁ ፊት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆሙ። ሲሴል ከኋላ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። እታገኘሁ ከወንበሯ ስትነሣ ጉልበቶቿ ሲጥ አሉ፤ አዳራሹ ሰማ።

ተናገረች። አገሩን፣ ንጉሡን፣ ቤተ መቅደሶቹን፣ በፍየል የተጋዘውን አፈር። ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከፍየል ነጂው ስትደርስ ማንም ያላስጠናትን ተናገረች።

«ይህ የጃምፓ ወንድም ነው። ሠዓሊ ነው። ክፉ ብዬ ነበር። ክፉ አይደለም። አባቴም ሠዓሊ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸውን የትም አልሣሉም።»

ጃምፓ ቆቡን አወለቀ።

አንዲት አረፍተ ነገር ቀረች። እታገኘሁ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። ሲሴል በሩቁ ቃሉን በከንፈሯ ሠራችላት። መቅደስ ከኮቶቹ መሐል አንገቷን አስግጋለች። ወንበሩ ከኋላዋ ነበር፤ ሳታየው ጉልበቶቿ ያውቁታል።

«ይቺ…» አለች። «ይቺ ተኝታለች። አልሞተችም። ቤቶቹ ከባድ ናቸው።»

ሲሴል ጉሮሮዋን ጠረገች። «ምን እንደሆነችስ፣ እታገኘሁ?»

«ወረቀቱ ላይ አለ። የሚፈልግ ያንብብ። እኔ ፊት ለፊት የምታየኝን ሴት ጭራቅ አልልም።»

አንዲት አሮጊት ምን እንዳለች ጠየቁና ሲነገራቸው በመዳፋቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ጃምፓ ግን አልሳቀም። «አልሞተችም፤ ይኼ እውነት ነው» አለ። «ብትሞት ቤተ መቅደሶቹ ለምን ያስፈልጉ ነበር?» ጨርቁም ዐውደ ርእዩ እስኪያልቅ እንዲቆይ ፈቀደ።

ሲሴል ግን ግድግዳው አንድ፣ ወንበሩ ሌላ የሚናገርበት አዳራሽ አልፈለገችም። ከገና በኋላ ወንበሩ ለአንድ ረጅም ወጣት ተሰጠ፤ ጽሑፎቹን ሁሉ ላነበበና ለገባው ለወጣው እኩል ፈገግ ለሚል። እታገኘሁ ወደ መወልወያዋ ተመለሰች።

«ወንበሩ ድሮም ይጎረብጥ ነበር» ትላለች። ወጣቱ እግር ሥር ስትደርስ ሆን ብላ ጫማውን ታረጥብለታለች። «እግርህን አንሣ፣ አንተ ዕቃ!» ትለዋለች በአማርኛ፤ እሱም አመስግኗት ያነሣል። ለዚህ ምስጋናውም ትንቀዋለች።

እታገኘሁ ይህ ሁሉ ቢጻፍ ግድ የላትም። ንቀቷም ይጻፍ፣ ስሕተቷም ይጻፍ፣ ወንበሩን ማጣቷም ይጻፍ ብላለች። አንድ ነገር ብቻ እንዲቀር ለምናለች፤ የንስሐ አባቷም አልሰሙትም። በጥር፣ ጨርቁ ተጠቅልሎ ወደ ጃምፓ ቤት በሚመለስበት ቀን ጠዋት፣ አዳራሹ ሳይከፈት፣ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ፣ ጎብኚ የማያልፈውን ገመድ ተሻግራ በሁለቱም ጉልበቶቿ ተንበርክካለች። ጨርቁ ላይ ያለችው ሴት ጭራቅ መሆኗን እያወቀች፣ የሴትዮዋ ጉልበት ላይ የተተከለውን ቤተ መቅደስ በመዳፏ ሸፍና፣ «እመቤቴ፣ የተነሣሽ ዕለት እኔንም አስቢኝ» ብላታለች።